አማቴና የምታስለው መኪናችን

ይህ ነገር የደረሰብኝ የመጀመሪያ ልጄ ልትወለድ ሰዓታት ሲቀሯት ነው። የመኪና ብልሽት ወሬ ነው፤ የአማቴም ወሬ ነው። ሁለቱን ለያይቼ ለመተረክ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ስለዚህ ሳትሰለቹ አድምጡኝና ከመነሻው ልጀምርላችሁ።

ያን ጊዜ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። እኔና ባለቤቴ ባንቺ፣ ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ ከኢትዮጵያ ጎዳና ታጥፋ በምትገባ ጠባብ መንገድ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አጥር ብዙ ስለማንርቅ ጠዋት የሚቀሰቅሰን ደወሉ ነው። እኛ ከጎንደር የመጣን ቤተ እስራኤል ነን፤ ጎረቤቶቻችን ግን መነኮሳት ነበሩ። መንገድ ላይ ስንገናኝ በአማርኛ የእግዜር ሰላምታ ተለዋውጠን፣ ስለ አገር ቤት ክረምት ትንሽ አውግተን እንለያያለን። በዚያ ሰፈር ከሁሉ የምወደው ይህንን ነበር።

እናቴን አላውቃትም። እኔን ስትወልድ ነው የሞተችው። አባቴ ከእህቶቹ ጋር ሆኖ አሳደገኝ፤ እሱም ወደ እስራኤል ገብተን መቫሰረት ጽዮን ባለው የአዲስ ገቢዎች መጠለያ ተቀምጠን ሳለ አረፈ። ከዚያ በኋላ ወታደርነቱን ጨረስኩ፣ ኮርስ ወሰድኩ፣ የቢሮ ፎቶ ኮፒ ማሽን ጠጋኝ ሆንኩ። ባንቺን ሳገባ በልቤ የያዝኩት አንድ ነገር ነበር፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስት ብቻ ሳይሆን እናትም አገኛለሁ ብዬ ነበር።

አማቴን እማማ ስመኝ እንበላቸው። ባንቺ የመውለጃዋ ወር ሲገባ ሊያርሷት ከቤር ሸቫ መጡ። በመጡ በማግስቱ ነው እናት የማግኘት ተስፋዬን የቆረጥኩት። በእሳቸው አገር ደንብ አማት ከልጇ ባል ጋር ፊት ለፊት አታወራም፣ በስሙ አትጠራውም፣ እያያት አትበላም። ደንቡን እኔም እሰማለሁ፤ ግን እስራኤል ገብተው ብዙዎች ትተውታል። እማማ ስመኝ አልተዉትም። እኔ ቤት ውስጥ ካለሁ ነጠላቸውን ከአፍንጫቸው በላይ ድረስ ይሸፍኑታል። ከዓይናቸው በቀር ፊታቸውን በደንብ አይቼው አላውቅም። ንግግራችን ሁሉ በባንቺ በኩል ነበር።

«ባንቺ፣ ምሳ ቀርቧል በያቸው።»

እኔ ክንዴን ብዘረጋ እደርስባቸዋለሁ።

«ሰምቷል እኮ እማዬ።»

«በያቸው እንጂ!»

«አስማማው፣ ምሳ ቀርቧል» ትላለች ባንቺ ሳቋን እያፈነች።

«እግዜር ይስጥልኝ በያቸው» እላለሁ እኔም።

ለባንቺ ጨዋታ ነበር። ለእኔ ግን እያደር ከበደኝ። በገዛ ቤቴ እንደ ባዕድ በእሳቸው አንደበት «እሳቸው» ስባል፣ ሴትዮዋ አልወደዱኝም ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ።

መኪናዬ ደግሞ ነገሩን አባባሰችው።

ያረጀች ነጭ መኪና ነበረች። ሕመሟ ግራ የሚያጋባ ነው። አንዳንድ ጠዋት ስትነሳ ሞተሩ ይቆራርጣል፤ ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ ሥራ የሚፈታ ይመስላል፤ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ታስላለች፣ አንዳንዴም ጭራሽ ትጠፋለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ምንም ያልነካት ሆና ትበራለች። ጋራዥ ስወስዳት ሐኪም ፊት ሲቀርብ ትኩሳቱ እንደሚበርድ ልጅ ትሆናለች። መካኒኩ አስነስቶ ያዳምጥና «ምን ሆነች ነው የምትለው?» ይለኛል። ካንዴላዎቹን ቀየርኩ፤ ካርቡራተሩን አጸዳሁ፤ የነዳጅ ማጣሪያውን ለወጥኩ። አልተወችም።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ያኔ ግን ሐኪሟ ባንቺን እንዲህ ብሏት ነበር፤ «ሕፃኑ አልዞረም፤ በእግሩ ነው ያለው። ለቀዶ ጥገናው ቀን ይዘንልሻል። ምጥ ቀድሞ ከመጣ ግን ቤት ውስጥ አትጠብቂ፤ ቀጥታ ወደዚህ።» ሆስፒታሉ ያለው ከከተማው ዳር ነው፤ ቁልቁለት ተወርዶ፣ ዳገት ተወጥቶ።

አንድ ማታ እማማ ስመኝ ከወንድ ልጃቸው ጋር በስልክ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«እሑድ መጥተህ ውሰደን፤ እኔ ዘንድ ትውለድ። እዚህስ ያቺ መኪና መንገድ ላይ ብትጥላት? ሰውየው ደግ ናቸው፤ መኪናቸውን ግን አላምናትም።»

«ደግ ናቸው» ያሉትን ጆሮዬ ዘለለው። የሰማሁት ባንቺን ሊወስዱብኝ መሆኑን ብቻ ነበር። መኝታ ቤት ገብቼ ጠየቅኋት።

«ትሄጃለሽ?»

«መሄድ አልፈልግም» አለችኝ ሆዷን እየዳሰሰች። «ግን እማዬ ፈርታለች። አልሄድም ብዬ አንድ ነገር ቢመጣ እድሜ ልኳን ራሷን ነው የምትወቅሰው።»

«መኪናዋን ከእሑድ በፊት ባስተካክላትስ?»

«እንደዚያ ከሆነማ እኔው እነግራታለሁ። የትም አልሄድም።»

ዓርብ ሥራ አልነበረኝም። ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል አድሮ ጠዋት ላይ አባራ፤ ሰማዩ ግን እንደጠቆረ ዋለ። ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ቤታችን ፊት ካለችው የድንጋይ ግቢ አስገብቼ ሳስነሳት እንደ ልማዷ ተንገጨገጨች። እማማ ስመኝ በር ላይ ቆመው የማታውን ልብስ ከገመድ እያወረዱ ነበር።

«ባንቺ፣ ዛሬም ልብሱ አልደረቀም» አሉ ወደ ውስጥ። «ያቺም ዛሬ ታስላለች።»

ካቻቢቴዬን እንደያዝኩ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ሁለት የተለያዩ እሮሮዎች ነበሩ፤ እሳቸው አላገናኟቸውም። እኔ ግን ያለፉትን ሳምንታት በአእምሮዬ አገላበጥኩ። ፀሐይ ባለበት ቀን ደህና ናት። ጤዛ ባለበት ጠዋት ታስላለች። ከሰዓት ሞተሩ ሲሞቅና ሲደርቅ ይተዋታል። ጋራዥ ስትደርስ ደርቃ ነው የምትደርሰው! እርጥበት ነው። እርጥበት የሚነካው ደግሞ ነዳጅን ሳይሆን ኤሌክትሪክን ነው። ከኤሌክትሪክ አከፋፋዩ ዲስትሪቢዩተር ወደ ካንዴላዎቹ ኃይል ከሚወስዱት አራት ወፍራም ሽቦዎች አንዱ ተሰንጥቆ፣ ውሃ ሲነካው እሳቱን ወደ ሞተሩ ብረት እያፈሰሰው ቢሆንስ?

ይህንን ለማረጋገጥ መንገዱ ቀላል ነው። ጨለማ ያስፈልጋል፤ ሞተሩ እየሠራ ሽቦዎቹ ላይ ውሃ ትረጫለህ፤ የሚያፈሰው ቦታ ብልጭ ይላል። ማታን መጠበቅ አልቻልኩም፤ ማታ ሰንበት ነው። ስለዚህ ከቤት ወፍራም ብርድ ልብስ አመጣሁ። ከኮፈኑ ሥር እንደ ድንኳን ዘርግቼ ጨለማውን ራሴ ልሠራው ነው። ችግሩ አንድ እጄ ብርድ ልብሱን ከሚሽከረከረው ማራገቢያ ማራቅ አለበት፣ አንዱ ውሃ መርጨት አለበት፣ ዓይኔም ማየት አለበት። ሁለተኛ ሰው የግድ ነው። ባንቺ ከአልጋ እንዳትነሳ ተከልክላለች። ቤት ውስጥ የቀሩት አንድ ሰው ብቻ ናቸው።

በመስኮቱ በኩል ጠራሁ። «ባንቺ፣ እናትሽን አንድ ነገር ታስቸግሪልኝ?»

ባንቺ ከአልጋዋ ሆና ነገሩን አስረዳቻቸው። ብርድ ልብስ ውስጥ ከልጃቸው ባል ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው መቆም! እንደማይመጡ እርግጠኛ ነበርኩ። ትንሽ ቆይተው ግን ነጠላቸውን ከወትሮው ጠበቅ አድርገው ወጡ።

«ባንቺ፣ ምን ልያዝ በያቸው።»

«ይህንን ጫፍ ከፍ አድርገው ይያዙልኝ በያቸው። ወደ ማራገቢያው እንዳይጠጉ። ይህ ደግሞ የልብስ መተኮሻው ውሃ መርጫ ነው።»

ባንቺ ከውስጥ እየሳቀች ደገመችው። ሞተሩን አስነስቼ ሁለታችንም ብርድ ልብሱ ሥር ገባን። ጨለማ፤ የቤንዚን ሽታ፤ የሞተሩ ሙቀት። በዚያ ጨለማ ውስጥ የእሳቸው ትንፋሽ ይሰማኛል፤ የእኔም እንደሚሰማቸው አውቃለሁ። ውሃውን መርጨት ጀመሩ። ምንም የለም። ወደ ጎን እንዲረጩ እጃቸውን ሳልነካ መርጫውን ብቻ ገፋ አደረግሁት። እንደገና ምንም። ግምቴ ሳተ ብዬ ልወጣ ስል ሞተሩ አንድ ጊዜ አሳለ።

«ይኸው! ይኸው እዚህ! ሰማያዊ ነገር!» አሉ እማማ ስመኝ። «አላዩትም?»

በእኔ በኩል አይታይም ነበር። አንገቴን አጣምሜ ወደ እሳቸው ጎን አየሁ። ከአራቱ ሽቦዎች በአንደኛው ሥር ክር የምታህል ሰማያዊ ብልጭታ ወደ ብረቱ እየዘለለች ትጠፋለች፣ እየዘለለች ትጠፋለች። ለወራት ስፈልጋት የነበረችው ሌባ እሷ ነበረች።

«አየኋት!» አልኩ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ!»

ብርድ ልብሱን ገፈን ስንወጣ ሁለታችንም አንድ ነገር ገባን። ባንቺ ሳትኖር ተነጋግረናል። እማማ ስመኝ ቶሎ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ መሬት አዩ። ዓይናቸው ግን ይስቅ ነበር።

ሞተሩን አጥፍቼ የተሰነጠቀውን ሽቦ አወጣሁ። በዚያ ደስታ ውስጥ ሌሎቹንም ልመርምራቸው ብዬ አራቱንም አከታትዬ ነቀልኳቸው። እየነቀልኩ ለእሳቸው አቀብላለሁ፤ እሳቸውም እያንዳንዱን በጣቶቻቸው መሃል ይሰኩታል። አዲስ ሽቦ ለመግዛት የመለዋወጫ ሱቁን እያሰብኩ ሳለ የሰንበት መግቢያ ጥሩንባ ከተማውን ሞላው። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። ጥሩ፣ የተሰነጠቀውን በናስትሮ ጠቅልዬ እሑድ እቀይረዋለሁ አልኩ።

ጥሩንባው ሳያቆም የባንቺ ጩኸት ተሰማ።

ዘወር ስል የበሩን መቃን ይዛ ቆማለች። የእንሽርት ውሃዋ ፈሶ እግሯ ሥር ያለው ድንጋይ ርሷል።

«አስማማው... መጣብኝ» አለች።

የዚያን ጊዜ የሆንኩትን በቃል ማስረዳት ያቅተኛል። እናቴን በምጥ እንደገደልኳት እያሰብኩ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሮጬ ደገፍኳትና ሶፋው ላይ በጎኗ አስተኛኋት። አምቡላንስ ደወልኩ። ያነሳችው ሴት በትሕትና ነው የመለሰችልኝ፤ ታችኛው መንገድ በጎርፍ መዘጋቱን፣ አምቡላንስ እንደምትልክ ግን ሊዘገይ እንደሚችል ነገረችኝ። «መኪና ካላችሁ አትጠብቁ» አለች።

መኪና! መኪናዬ ግቢ ውስጥ ተበታትና ቆማለች።

ሮጬ ወጣሁ። እማማ ስመኝ ከተውኳቸው ቦታ አልተነቃነቁም። የወለዷት ልጅ ውስጥ ሆና እያቃሰተች እሳቸው እዚያው ሞተሩ አጠገብ፣ አራቱን ሽቦ በጣቶቻቸው መሃል እንደሰኩ፣ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ቆመዋል።

«በጎንሽ ተኚ ልጄ! በአፍሽ ተንፍሺ!» እያሉ ወደ ቤቱ ይጮሃሉ፤ እግራቸው ግን አይራመድም።

ለምን እንዳልሄዱ ወዲያው ገባኝ። ሽቦዎቹ ቦታ ከተለዋወጡ መኪናዋ አትነሳም። ይህንን እኔ አልነገርኳቸውም፤ ስነቅል በጥንቃቄ መሆኔን አይተው ነው ያወቁት። ጎንበስ አልኩ። የመጀመሪያው የቱ እንደነበር ጠፋብኝ።

«የትኛው ነበር?» አልኩ። ማንን እንደጠየቅሁም አላውቅም።

«ይህ የመጀመሪያው ነው» አሉ ትንሿን ጣታቸውን ዘርግተው። «ከወዲያ ዳር ያወጡት። ይህ ቀጥሎ። ይህ ያ የተሰነጠቀው። ይህ የመጨረሻ።»

አንድ በአንድ ሰካሁ። የተሰነጠቀውን አድርቄ በናስትሮ ደጋግሜ ጠቀለልኩትና ብረቱን እንዳይነካ ወደ ላይ አሰርኩት። ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ተነሳ። ባንቺን ደግፈን ከኋላ አስገባናት፤ እማማ ስመኝ አብረው ሊገቡ አንድ እግራቸውን ካነሱ በኋላ ቆም አሉ። ሰንበት እየገባ ነበር። እኚህ ሴት በአገራቸው ሰንበት ከገባ እሳት የማይነኩ፣ ከሰፈር የማይወጡ ሴት ናቸው። ቀና ብለው ወደ ሰማዩ አዩ።

«ለነፍስ ነው፤ አንተ ታያለህ» አሉ ለፈጣሪያቸው፤ ገቡና የባንቺን ራስ ታፋቸው ላይ አደረጉ።

ዝናቡ እንደገና ጀመረ፤ ይህን ጊዜ በባልዲ የሚደፉት ይመስል ነበር። ኢትዮጵያ ጎዳና ስገባ ከድንጋይ አጥሩ የሚወርደው ውሃ መንገዱን ወንዝ አድርጎታል። ቀስ ብዬ ልሻገር ስል ውሃው በፊት በኩል ወደ ሞተሩ ተረጨ። መኪናዋ አሳለች። ደግማ አሳለች። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ለፊት ስትደርስ ጠፋች።

ቁልፉን አዞርኩ። ይዞራል፣ አይነሳም። እንደገና። አይነሳም። ከኋላዬ ባንቺ ጥርሷን ነክሳ ታቃስታለች። ራሴን መሪው ላይ ደፋሁ። አለቀ አልኩ። እናቴን የወሰዳት ነገር ሚስቴንም ሊወስዳት መጣ ብዬ እጅ ሰጠሁ።

የኋላው በር ሲከፈት ሰማሁ። ቀጥሎ የእኔ በር ተከፈተ። እማማ ስመኝ ዝናቡ ውስጥ ቆመው ትከሻዬን ያዙኝ። እስከዚያች ሰዓት ጨብጠውኝ እንኳን አያውቁም።

«አስማማው! ተነሥ! ምን ሆነህ ነው የተቀመጥኸው? ያቺን ነገር ክፈታት። ልጄ፣ ተነሥ እንጂ!»

በስሜ ጠሩኝ። «አንተ» አሉኝ። አማርኛ የምትሰሙ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ከመሪው ላይ ያነሳኝ እጃቸው አይደለም፤ ያ ቃል ነው።

ወጥቼ ኮፈኑን ከፈትኩ። ዝናቡ ሞተሩ ላይ ሊወርድ ሲል በላያችን አንድ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ተዘረጋ። ከቤተ ክርስቲያኑ በር የወጡ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ነበሩ፤ በየዕለቱ ሰላምታ የምንለዋወጣቸው። «ሥራችሁን ሥሩ፤ እኔ እይዛለሁ» አሉና እሳቸው እየበሰበሱ ጃንጥላውን ሞተሩ ላይ አደረጉ።

«ደረቅ ጨርቅ!» አልኩ። ብርድ ልብሱን ባንቺ ላይ ጥለነዋል። የእኔ ልብስ ሁሉ ርሷል።

እማማ ስመኝ ካፖርታቸውን ከፍተው ጫፉ ከሥሩ ደረቅ የነበረውን ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ገፈፉት። ፊታቸው ሙሉ በሙሉ ተገለጠ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በነጠላው እየጨመቁ ያደርቃሉ፤ የጥጡ ነጭ እየጠቆረ፣ ዘይት እየጠጣ። እኔ ደግሞ የባንቺን የሆስፒታል ዕቃ የያዘውን ፌስታል ገልብጬ ዲስትሪቢዩተሩንና የሽቦዎቹን ሥር ጠቀለልኩበት። በመሃል ቀና ብዬ አየኋቸው። ባንቺን ነው ያየሁት። ያው ግንባር፣ ያው ጉንጭ፣ ሲጨነቁ ከንፈራቸውን ወደ ጎን የሚያጣምሙባት ያቺው አኳኋን። ከሚስቴ ፊት ጋር ስኖር እናቷን እንደ ባዕድ ሳይ ከርሜአለሁ።

«በል አስነሳት» አሉኝ።

መኪናዋ አንዴ አጓራችና ተነሳች። መነኩሴው ወደ ኋላ መስኮት ጎንበስ ብለው «እግዚአብሔር በሰላም ይገላግልሽ፣ ልጄ» አሏት ለባንቺ። እማማ ስመኝም «አሜን አባቴ» አሉ። ሃይማኖታችን ለየቅል ነው፤ ያን ጊዜ ይህንን የሚያስብ ሰው ከመሃላችን አልነበረም።

ታችኛው መንገድ እውነትም ተዘግቶ ስለነበር በሌላ በኩል ዞርኩ። ቁልቁለቱን ደህና ወረድን። ዳገቱ መሃል ላይ ስንደርስ መሪው እንደገና ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሞተሩ መቆራረጥ ጀመረ።

«አትርገጣት፣ ቀስ በላት» አሉኝ እማማ ስመኝ ከኋላዬ። ስለ መኪና ምንም አያውቁም፤ እንደ ሰው ነው ያዘኑላት። «አይዞህ ልጄ፣ ትደርሳለህ። አይዞሽ አንቺም። አይዞሽ አንቺም።» አንዱ «አይዞሽ» ለባንቺ፣ ሌላው ለመኪናዋ ነበር። ቀስ አልኳት። እየተንገጫገጨች፣ እያሳለች፣ ግን ሳትቆም ወጣች። የሆስፒታሉ መብራት ታየን።

ከዚህ ወዲያ አማቴን «እሳቸው» እያልኩ አላወራም። ለምን እንደሆነ አሁን ትሰማላችሁ።

ባንቺን በተሽከርካሪ አልጋ እየሮጡ ይዘዋት ገቡና በሩ ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ እኔና አማቴ ብቻችንን ቀረን፤ ሁለታችንም በስብሰን፣ ሁለታችንም እስከ ክርናችን በዘይት ጠቁረን። ቆሜ ወንበሩን አሳየኋት።

«እማማ፣ እርስዎ ይቀመጡ» አልኳት።

አየችኝ። ፊቷን የምትሸፍንበት ነጠላ የለም።

«እናቱን እርስዎ የሚላት ልጅ የት አገር ነው ያለው?» አለችኝ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። እሷም ማውራት ጀመረች።

«እናትህ በወሊድ እንደሞተች ባንቺ ነግራኛለች። ከመጣሁ ጀምሮ በየሌሊቱ አስብሃለሁ። ይህ ልጅ የሚፈራውን ነገር እኔ አውቃለሁ፤ ግን በምን አፌ ላጽናናው እያልኩ። ደንቡ አሰረኝ። እኔ አማቴን፣ የባሌን አባት፣ እስኪሞት ድረስ ቀና ብዬ አላየሁትም፤ እሱም ክፉ ነው ብዬ ሳይሆን ስለማከብረው ነው። አንተንም እንደዚያ አከበርኩህ።»

«እኔ ጠልተሽኝ መስሎኝ ነበር» አልኳት። «ሽኝ» የሚለው ከአፌ ሲወጣ ለራሴ ደነገጥኩ። እሷ ግን እጄን ይዛ በዘይት በጠቆሩት እጆቿ መካከል አሸት አሸት አደረገችው።

አንዲት ነርስ በሩን ከፍታ ወጣች። ሁለታችንን ተራ በተራ አየችና በሁለታችንም መልክ ፈገግ አለች። አማቴን በዕብራይስጥ ጠየቀቻት፤ «ይህ ልጅሽ ነው?»

አማቴ ዕብራይስጥ አትችልም። አዲስ ገቢዎች ሲማሩ እሷ ከጓዳ አልወጣችም። ያንን ግን ሰማችው፤ ወይ ገባት፣ ወይ ከነርሷ ፊት አነበበችው።

«ኬን» አለች። አዎ።

«እንግዲያው ለልጅሽ ንገሪው» አለች ነርሷ፤ «ሴት ልጅ ናት። እናቷም ደህና ናት።»

እኔ ተረጎምኩላት። ተርጉሜ ሳልጨርስ አለቀስኩ። በዕድሜዬ ሙሉ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም፤ አማቴም ራሴን ደረቷ ላይ አስደግፋ እንደ ሕፃን እሹሩሩ አለችኝ።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት አለፈ። እሑድ የባንቺ ወንድም መኪና ይዞ መጣ፤ የመጣው ግን ሊጠይቀን ሆነ። ሽቦውን በአዲስ ቀየርኩት፤ መኪናዋም ሳታስል ጥቂት ዓመት አገለገለችን፤ በኋላ ለሌላ ሰው ሄደች። ልጃችን ዛሬ ከእኔ የተሻለች ሹፌር ናት። አማርኛዋ ግን የተሰባበረ ነው። «አንቱ»ንና «አንተ»ን እያምታታች ሽማግሌውን «አንተ»፣ ታናሽ ወንድሟን «እርስዎ» ስትል ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ይህንን ታሪክ ስነግራት ብልጭታውም፣ ጎርፉም፣ ጃንጥላውም ይገባታል። በአንዲት ቃል ለምን ከመሪው ላይ እንደተነሳሁ ግን ሊገባት አልቻለም። በዕብራይስጥ ላስረዳት ሞከርኩ፤ እዚያ የአክብሮትም የቅርበትም ቃሉ አንድ ብቻ ነው። እናንተ ስለሚገባችሁ ነው በአማርኛ የጻፍኩላችሁ።

በእኔ ላይ የተለወጠው ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ከዚያ ቀን በኋላ የሰው ዝምታ ሲገጥመኝ ቶሎ አልፈርድም። በአንድ ጣራ ሥር ከርመን እኔ በእሷ ዝምታ ስቆስል እሷ ሌሊት ለእኔ ስትጨነቅ ነበር፤ አንዳችንም አላወቅንም። ዝናቡ ባይጥል፣ መኪናዋ ባትታመም፣ እሑድ ልጇን ይዛ ወደ ቤር ሸቫ ትሄድ ነበር፤ እስከ ዕለተ ሞታችንም ተከባብረን፣ ሳንተዋወቅ እንኖር ነበር። እናንተም በቤታችሁ እንዲህ በክብር የተሸፈነላችሁ ሰው ካለ፣ ምጥ እስኪመጣ አትጠብቁ። ጠይቁት። ቢያፍርም፣ ብታፍሩም ጠይቁት።

የኔማ ነገር ተበላሽቷል። እማዬ አሁን ከእኛ ጋር አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው የምትኖረው። ደንብ የሚባል ነገር አልቀረም፤ ስለ ሸሚዜ ትቆጣኛለች፣ ስለ ክብደቴ ትቆጣኛለች፣ አነዳዴን ከኋላ ሆና ታርማለች። አንዳንድ ቀን ያ የድሮው ዝምታዋ ይናፍቀኛል እያልኩ አበሽቃታለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ቤት ስልክ ደወለች። ባንቺ ነበረች ያነሳችው። «እማዬ፣ ደህና ነሽ?» ስትላት ከዚያ ወዲያ የመጣውን መልስ እኔ ከሶፋው ላይ ሆኜ ሰማሁት።

«ደህና ነኝ። አንቺን አይደለም የፈለግሁት፤ ልጄን አቅርቢልኝ።»